ደብተሩን አታቃጥዪው

ውድ እኅቶቼ፣ በአል ዐይን ያላችሁ ከደረቁ የበረሃ ሙቀት ጋር፣ በአቡ ዳቢ ያላችሁ ደግሞ ከባሕሩ ወበቅ ጋር እየታገላችሁ እንደምትውሉ አውቃለሁ።

ለዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት የደሴ ልጅ ናት። የምትሠራው አል ዐይን ነው። በዕረፍት ቀኗ 160 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአውቶቡስ አቋርጣ አቡ ዳቢ ለጸሎት መጥታ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ወደ ዳር ሳብ አደረገችኝና፣

«እትዬ፣ ኮንትራቴ አልቆ በሚመጣው ወር አገሬ ልገባ ነው» አለችኝ።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ፊቷ ላይ ግን የደስታ ምልክት አላየሁም።

«ሦስት ደብተሮች አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ የጻፍኩባቸው ናቸው። ሻንጣ ውስጥ ልክተታቸው ወይስ ላቃጥላቸው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ለምን ታቃጥያቸዋለሽ?»

«ለእናቴ ስደውል ሁልጊዜ የምላት ‹ደኅና ነኝ፣ ተመችቶኛል› ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ታናሽ እኅቴ ግን ትችላለች። እሷ ደግሞ ፓስፖርት አውጥታ ወደዚህ ልትመጣ ደፋ ቀና እያለች ነው። ካነበበችው ዋሽተሽናል ትለኛለች። ካላነበበችው ደግሞ…» ብላ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «ደግሞስ ምን አለበትና ነው? ወጥ ቤት ነው፣ ሳህን ነው፣ ልጅ ማስተኛት ነው። የሚጽፍስ የተማረ ሰው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው መሰለኝ» አለችኝ።

የአውቶቡሷ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተገቢውን መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። «በዓምዴ እመልስልሻለሁ» አልኳት። እነሆ ቃሌን ልጠብቅ። የእሷ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሚመስለኝ ሁላችሁም አብራችሁ ስሙ። መልሴን ደግሞ በራሴ ቃል ብቻ አልሰጥም፤ የሁለት ሴቶችን ታሪክ ልንገራችሁ። አንዷ የራሳችን ናቸው፤ ሌላዋ አሜሪካዊት ናት።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. በሸዋ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ፤ በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ አድገው በውጭ አገር የተማሩ፣ የአውሮፓ ቋንቋዎችን የሚያውቁ፣ የጎንደር ከንቲባ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ወይዘሮ ካሣዬ የላምቱ ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ቀለም ማስቆጠር በብዙ ቤት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን እሳቸው ያገኙትን ትምህርት ለሴት ልጆቻቸውም ተመኙ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ስንዱንና ታናሽ እኅታቸውን የውብዳርን ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው። ስንዱ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ የውብዳር ደግሞ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች መካከል ናቸው።

እስቲ አስቡት። ያኔ ቪዲዮ የለ፣ የእጅ ስልክ የለ። ከእናት የሚመጣ ደብዳቤ በመርከብ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ሰው በማይገባን ቋንቋ ሲያነጋግረን፣ የምግቡ ሽታ እንግዳ ሲሆንብን፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ማልቀስ ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። እነዚያ ሁለት ሕፃናትም ሳያውቁት አልቀሩም።

የውብዳር የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። በኋላ ስማቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተባለ። አዎን፣ ያቺ ፒያኖ የሚጫወቱት መነኩሴ! በዚያው በስዊዘርላንድ ሙዚቃ ጀመሩ፤ በኋላም ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ላይ ባሳተሙት ሸክላ ገቢ ችግረኛ ልጆችን ረዱ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ መርከብ ሄደው፣ አንዷ በጣታቸው፣ ሌላዋ በብዕራቸው ተናገሩ። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ባለብዕሯ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በሎዛን ከተማ ሥነ ጽሑፍ ተምረው፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ፤ በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ወይዘሮ ስንዱ አውሮፓ የተማርኩ ነኝ፣ ልሸሽ አላሉም። ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰልፈው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄዱ፤ ቁስለኛ እያከሙ ከአርበኞቹ ጋር መከራውን ተካፈሉ። በዚያ ጦርነት ከቤተሰባቸው ሦስት ሰዎች በጣልያኖች እጅ ተገደሉ።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የወረደውን ግፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከግድያው የተረፉ ብዙ የተማሩና የታወቁ ኢትዮጵያውያን በመርከብ እየተጫኑ ወደ ጣልያን ተጋዙ። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም ከእነዚያ መካከል ነበር። የተወሰዱት በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለች አዚናራ ወደምትባል ደሴት ነው። ስንዱ ለሁለተኛ ጊዜ ባሕር ተሻገሩ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተማሪ ሆነው፣ በሁለተኛው እስረኛ ሆነው።

ከግዞት ተመልሰው፣ አገር በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ምን ሠሩ? አንቺ የደሴ ልጅ፣ ይህን ለአንቺ ነው የምጽፈው። በመጀመሪያ የሄዱት ደሴ ነው። በደሴ አስተማሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ወደ እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ትምህርት ቤቱ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ሲመራ የኖረው በውጭ አገር ሰዎች ነበር። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ወይዘሮ ስንዱ ሆኑ።

በዚያ ትምህርት ቤት ነው ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ በመድረክ ያሳዩ የነበሩት። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዘመናዊ ቴአትር ወደ አገራችን የገባው በ1910ዎቹ ዓ.ም. በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በመድረክ ላይ የሴት ቦታ ይዞ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ «እኔ እናት ነኝ» የሚለው ወንድ ነው። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበርና። ስለ ሴት የሚጽፈው ወንድ፣ ሴት ሆኖ የሚያለቅሰውም ወንድ ማለት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ግን ሴት ሆነው ጻፉ፤ ልጃገረዶቹንም ተጫወቱት አሏቸው።

በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱን ልብ በሉልኝ፦ «የልቤ መጽሐፍ»። ሆድ ይፍጀው አላሉም። ወንድም ገድሎባቸዋል፣ አግዟቸዋል፣ ወጣትነታቸውን በልቶባቸዋል። ያን ሁሉ ያሳለፈ ልብ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሳቸው ግን ልባቸውን ወደ ወረቀት አወጡት።

ልቡን መናገር የለመደ ሰው ደግሞ በሌላም ቦታ ዝም አይልም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በአገራችን በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ተባሉ። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

«የእኔ ግን ወጥ ቤት ነው»

እኅቴ ይህን ስታነብ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። «እሳቸው የከንቲባ ልጅ ናቸው። አውሮፓ የተማሩ ናቸው። ጦር ሜዳ ውለዋል። እኔ የዋልኩት ወጥ ቤት ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛዋ ሴት ልውሰዳት። የዚህችኛዋ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ስለ ወጥ ቤት ነው።

ሱዛን ግላስፔል ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ፣ አዮዋ በተባለው የእርሻ ግዛት ተወለደች። ቤተሰቧ ሀብታም አልነበረም። እንደምንም ብላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1899 እ.ኤ.አ. ተመረቀችና በዴ ሞይን ከተማ የዕለት ጋዜጣ ዘጋቢ ሆነች። ያኔ ሴት ጋዜጠኛ በጣት የምትቆጠር ናት።

በታኅሣሥ 1900 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር አንድ ገበሬ በተኛበት በመጥረቢያ ተመቶ ሞተ። ጆን ሆሳክ ይባላል። ሚስቱ ማርጋሬት አጠገቡ ተኝታ ነበር። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ማን እንደመታው አላየሁም» አለች። የሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር፣ ዘጠኝ ልጆች ነበሯቸው። ሰውየው ቤተሰቡን ያሠቃይ እንደነበር ጎረቤት ያውቃል። ሚስቲቱን አሰሯት።

ዘገባውን የምትጽፈው ወጣቷ ሱዛን ነበረች። መጀመሪያ ላይ ጋዜጣ እንደሚወደው አድርጋ ጻፈች፤ ሴትዮዋን ጨካኝ፣ ልበ ደንዳና፣ ጉልበተኛ አድርጋ ሣለቻት። ከዚያ ግን ራሷ ወደዚያ የገጠር ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ቤት በዓይኗ አየች። ከዚያ ቀን በኋላ የጻፈቻቸው ዘገባዎች ለስለስ አሉ። አሁን የሚታየው ያረጀች፣ የደከማት፣ የምታሳዝን እናት ነች።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም፣ አሥራ ሁለቱ የሸንጎ ፈራጆችም ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሴት በፈራጅነት መቀመጥ አትችልም ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ናት ብለው የዕድሜ ልክ እስራት ፈረዱባት። በዓመቱ የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. እንደገና ስትዳኝ ፈራጆቹ መስማማት አቃታቸውና ተለቀቀች። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ሱዛን የመጀመሪያው ፍርድ እንደተሰጠ ብዙም ሳትቆይ የጋዜጣ ሥራዋን ተወች።

ያ ወጥ ቤት ግን ከልቧ አልወጣም። አሥራ አምስት ዓመት አብሯት ኖረ። በ1916 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፕሮቪንስታውን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ከባለቤቷና ከጓደኞቿ ጋር በአንድ አሮጌ የወደብ መጋዘን ውስጥ ትንሽ ቴአትር ቤት ነበራቸው። ባለቤቷ «ተውኔት ጻፊ» አላት። አልችልም አለች። ሄዳ ባዶው መድረክ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። ብዙ ስታየው መድረኩ ወጥ ቤት ሆኖ ታያት። ያ የጥንቱ ወጥ ቤት።

የጻፈችው ተውኔት በእንግሊዝኛ «ትራይፍልስ» ይባላል፤ «ጥቃቅን ነገሮች» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ባል ተገድሎ፣ ሚስት ታስራለች። የአገሩ ሹምና ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ሁለት ሴቶች ለእስረኛዋ ልብስ ሊወስዱላት አብረዋቸው መጥተዋል። ወንዶቹ ወጥ ቤቱን ገረፍ አድርገው አይተው «እዚህ የሴት ዕቃ ብቻ ነው ያለው» ብለው ወደ ላይ ፎቅና ወደ ከብቶቹ በረት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ስለ ፍራፍሬ ማሰሮ ሲጨነቁ ሲሰሙም ይሳለቁባቸዋል።

ሴቶቹ ግን ወጥ ቤቱን ማንበብ ያውቃሉ። ግማሹ ተወልውሎ ግማሹ የተተወ ጠረጴዛ ያያሉ። ሥራ የለመደች ሴት ጠረጴዛ ወልውላ ሳትጨርስ የምትተወው ምን ስታገኝ ነው? ስትሰፋው የነበረውን ጨርቅ ያነሣሉ። ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ ሆኖ የመጨረሻው ብቻ ተዘበራርቋል። እጇ ምን ሆኖ ነው የተንቀጠቀጠው? በሩ የተገነጠለ የወፍ ጎጆ ያገኛሉ። በመጨረሻም በስፌት ሣጥኗ ውስጥ፣ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ትንሽ ወፍ። ያቺ ሴት በዚያ ጭር ባለ ቤት ውስጥ የነበራት ብቸኛ ዘፋኝ ያች ወፍ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ነገሩ ሁሉ ገባቸው። ወፏን ደበቁ፤ ወንዶቹም ምንም ሳያገኙ ወረዱ።

ይህን የምነግራችሁ ነፍስ ማጥፋትን ወይም ማስረጃ መደበቅን ላመሰግን አይደለም፤ እሱ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ከባድ ነገር ነው። እኔ እንድታዩልኝ የምፈልገው ዓይናቸውን ነው። እነዚያ የተማሩ ወንዶች ቤቱን ሙሉ ፈትሸው ያላገኙትን፣ ሁለት ሴቶች ወጥ ቤት ቁጭ ብለው አገኙት። ለምን? ጠረጴዛ ወልውለው ስለሚያውቁ። ስፌት ሰፍተው ስለሚያውቁ። ብቻቸውን ቤት ውስጥ ውለው ስለሚያውቁ።

ያ ተውኔት እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይታያል፤ በትምህርት ቤትም ይማሩታል። ሱዛን በ1931 እ.ኤ.አ. ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት በሌላ ተውኔቷ አገኘች፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። ሰው ይበልጥ የሚያስታውሳት ግን በዚያ ወጥ ቤት ነው።

እንግዲህ እኅቴ

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ምን አለበትና ነው?» ብለሽኝ ነበር።

አንቺ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ኖረሻል። ጠዋት ማዳም ከመኝታ ስትነሣ በእርምጃዋ ብቻ ያ ቀን እንዴት እንደሚውል ታውቂ ነበር። ልጁ ሲያስለው ከእናቱ ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ሳህኑ ላይ የተረፈው ምግብ ስንት ነገር እንደሚናገር ታውቂያለሽ። ይህን ፕሮፌሰር አያውቀውም። ስለ እኛ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ጋዜጣው ይጽፋል፣ ቴሌቪዥኑ ያወራል። አንዳንዱ ያለቅስልናል፣ አንዳንዱ ይሰድበናል። እንደ ወጣቷ ሱዛን ናቸው፤ ብዙዎቹ ወጥ ቤቱን ሳያዩ ነው የሚጽፉት። አንቺ ግን ውስጡ ነሽ። ቀሚስ ለብሶ ስለ አንቺ ሌላ ሰው ከሚያለቅስልሽ፣ ወይዘሮ ስንዱ እንዳደረጉት ራስሽ ብትናገሪ አይሻልም?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ደብተርሽ ውርስ ነው። የመጀመሪያዋ ወራሽ ደግሞ ታናሽ እኅትሽ ናት።

«ዋሽተሽናል ትለኛለች» ብለሽኛል። ትልሽ ይሆናል። አንድ ቀን ታኮርፍሽ ይሆናል። ለእናትሽ «ደኅና ነኝ» ያልሻት ግን ልታታልያት ሳይሆን እንቅልፍ እንድታገኝ ብለሽ ነው። ይህን እናትም እኅትም ይረዱታል። እኅትሽ ግን መንገድ ልትጀምር ነው። ለእሷ «ተመችቶኛል» የሚለው ቃል እንቅልፍ አይሰጣትም፤ ሳታውቅ ያስገባታል እንጂ። አትምጪ ልትያት አይገባሽም፤ እሱን ራሷ ትወስን። የምትወስነው ግን አውቃ ይሁን። ደብተሩን ብቻዋን እንድታነብ አትስጫት። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አብራችሁ አንብቡት። ክፉውንም ደጉንም። ያለቀስሽባቸውን ሌሊቶችም፣ ያቺ አሮጊት «ልጄ» ብላ የጠራችሽን ቀንም።

ለሌሎቻችሁ፣ ገና ደብተር ላልጀመራችሁ፣ ጥቂት ምክር ልጨምር።

አንደኛ፣ በቀን አምስት መስመር ይበቃል። ቀኑን ጻፉ፤ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ማን ምን እንዳለና ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ ጻፉ። ተውኔት ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ የምትሠሩበትን ቤት ሰዎች ስምና የቤቱን ገመና አትጻፉ። ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሡ፤ በፌስቡክም ሆነ በቲክቶክ ምንም አትበትኑ። የዚህ አገር ሕግ የሰውን የግል ሕይወት በኢንተርኔት ማውጣትን በብርቱ ይቀጣል። ደግሞም ያመነን ቤት ገመና ማውጣት ለእኛም አይበጅም። ደብተሩ ስለ እናንተ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀንና መጠን በአንድ ገጽ ላይ ለብቻው መዝግቡ፤ የዕረፍት ቀናችሁንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ ስምንቱ ሳይቋረጥ ዕረፍት እንድታገኙ ያዛል፤ ፓስፖርታችሁም በእጃችሁ እንዲሆን ይፈቅድላችኋል። አለመግባባት ቢነሣ «ጥር ላይ መሰለኝ» ከማለት ቀኑን ቆጥሮ መናገር ይሻላል። በዚህም በኩል ደብተር ጠበቃ ነው።

አራተኛ፣ ደጉንም ጻፉ። መከራ ብቻ የያዘ ደብተር ግማሹ እውነት ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አል ዐይን ደወልኩና በስልክ አነበብኩላት። ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ገብታ ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ተቋረጠ ብዬ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ እትዬ» አለችኝ። «ሁለቱ ሻንጣ ውስጥ ገብተዋል። ሦስተኛው ላይ ግን የማዳም ስም ብዙ ቦታ አለ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልሰርዝ። ከዚያ እሱንም እከተዋለሁ።»

መልካም መንገድ ይሁንልሽ፣ እኅቴ። እናትሽንም በጤና አግኚያቸው።